ስለ ነቀርሳ ሕሙማን ሥቃይና ስለ ማስታገሻው

መቅድም

የተወደዳችሁ ወንድሞቼ ደቀ መዛሙርት፥ ቅዱሳት መካናትንም ለመሳለም ከሩቅ አገር የመጣችሁ ምእመናን ሆይ፤ በዚህ ክፍል የምናጠናው ትምህርት እንደ ልማዳችን ከዜማ ወይም ከቅኔ ወይም ከመጻሕፍት ትርጓሜ የተወሰደ አይደለም። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጉባኤያት የወጣ ሰው ሁሉ ነገ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ መቆሙ አይቀርም። ካህን ቢሆን ለንስሐና ለቀንዲል ይጠራል፤ መነኩሴ ቢሆን አረጋውያንን ያስታምማል፤ ተሳላሚም ቢሆን ወደ ቤቱ ሲመለስ አባቱን ወይም እናቱን ታመው ያገኛቸው ይሆናል። በዚያን ጊዜ የሚናገረውንና የሚያደርገውን ያላወቀ ሰው፥ በጎ አስቦ ክፉ ሊያደርግ ይችላል። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ እንደዚሁ ስላደረግሁ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አረጋዊ አባት እንዳስታምም ታዝዤ ነበር። ሕመማቸው የፕሮስቴት ዕጢ ነቀርሳ ሲሆን፥ ወደ ወገባቸውና ወደ ዳሌያቸው አጥንት ተሠራጭቶ ነበር። ሐኪሙ ሞርፊን የተባለውን መድኃኒት አዘዘላቸው። እርሳቸው ግን፥ «ጌታ ሊሰቀል ሲል ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን ቢያቀርቡለት አልጠጣም፤ እኔ ማን ነኝና ነው የምጠጣው?» ብለው እንቢ አሉ። እኔም ይህን ቃል ሰምቼ እጅግ አደነቅሁ፤ «ይበርቱ፥ አባቴ» ብዬ ጠርሙሱን ከመስኮቱ ላይ አኖርሁት። ከዚያም ዐሥራ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሳያዩ አነጉ። በዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት ዳዊታቸውን ዘርግተው ሳሉ ድምፃቸው ተቋረጠ። ቀና ብዬ ባይ ያለቅሳሉ። «ልጄ፥ ዳዊቱ ጠፋኝ። ከዚህ ከሕመሙ በቀር የማስበው ነገር የለኝም» አሉኝ። እኒህ አባት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዳዊትን በቃላቸው የያዙ ነበሩ።

ይህ ቃል አስደነገጠኝ። ትዕግሥታቸውን ያጸናሁ መስሎኝ ለካ ጸሎታቸውን የሚቀማውን ሌባ በር ከፍቼ አስገብቼ ነበር። በማግሥቱ ወደ መጻሕፍት መምህራችንና ወደ ሆስፒታሉ ነርስ ሄጄ ጠየቅሁ። ከእነርሱ የተማርሁትን፥ ኋላም ከሐኪሞች መጻሕፍት ያነበብሁትን ቀጥዬ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ፤ ሥቃዩ ከወዴት ይመጣል?

ነቀርሳ፥ ዛሬ በብዙዎች አንደበት ካንሰር የሚባለው፥ የሰውነት ሕዋሳት ከሥርዓታቸው ወጥተው ያለ ልክ ሲራቡ የሚነሣ ደዌ ነው። በሰውነት ውስጥ ብዙ ዓይነት አለው። ሁሉም አያሳምም፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያው ወራት ያለ ሕመም ይቆያል። ደዌው በተስፋፋ ጊዜ ግን ከመቶ ሕሙማን ወደ 66 የሚሆኑት ሥቃይ እንደሚሰማቸው በ2016 የታተመ፥ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ጽሑፍ ያስረዳል።

የሥቃዩ ምንጭ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ዕባጩ ራሱ ነው፤ አጥንትን ይበላል፥ ሆድ ዕቃን ይወጥራል፥ ነርቭን ይጫናል። ሁለተኛው ሕክምናው ነው፤ የቀዶ ጥገና ቍስል ይጠዘጥዛል፥ አንዳንዱም የነቀርሳ መድኃኒት የእጅና የእግር ጣቶችን ያደነዝዛል፥ ያቃጥላልም። ሦስተኛው መተኛት የሚያመጣው ነው፤ ይኸውም የጀርባ ቍስል፥ የሆድ ድርቀት፥ የመገጣጠሚያ መድረቅ ነው። ስለዚህ ነቀርሳ ያለበት ሰው «አመመኝ» ባለ ጊዜ «ያው ነቀርሳው ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። አንዳንድ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ያስጮኸው የሆድ ድርቀት ሆኖ ይገኛል።

የሕመሙም ጠባይ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ከአጥንትና ከሥጋ የሚነሣው ነው፤ ሕመምተኛው «ይጠዘጥዘኛል፥ ይቈረጥመኛል፥ ይወጋኛል» ይለዋል። ሁለተኛው ከተጎዳ ነርቭ የሚነሣው ነው፤ ይህን ደግሞ «እንደ እሳት ያቃጥለኛል፥ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል፥ ልብስ ሲነካኝ እንኳ ያመኛል» ይለዋል። ይህን መለየት ለሐኪም ታላቅ ነገር ነው፤ መድኃኒታቸው አንድ አይደለምና። የነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን የተባሉትን የመሰሉ ሌሎች መድኃኒቶችን ይፈልጋል። የአጥንት ሕመም ደግሞ በጨረር ሕክምና ብዙ ይቀላል። 8 ግሬይ የሚባለው መጠን በአንድ ቀን፥ በአንድ ጊዜ ብቻ ቢሰጥ፥ ለብዙ ቀን ተከፋፍሎ ከሚሰጠው ሕመምን በማስታገስ እንደማያንስ በጥናት ተረጋግጧል። በየቀኑ ወደ ሆስፒታል መመላለስ ለማይችል ደካማ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሁለተኛ፤ ሕመምተኛውን እንዴት እንጠይቀው?

የመጀመሪያው ሕግ ማመን ነው። የሕመሙን ልክ የሚያውቀው የታመመው እንጂ አስታማሚው አይደለም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ደዌ ይዟቸው አንዱ ሲጮኽ ሌላው ዝም ሊል ይችላል፤ ዝም ያለው አልታመመም ማለት አይደለም። በአገራችን በተለይ ሽማግሌዎችና መነኮሳት ሕመማቸውን መናገር እንደ ነውር ይቈጥሩታል። «እንዴት አደሩ?» ስንላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ይህ ምስጋና እንጂ መልስ አይደለም። ስለዚህ ዞሮ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ «ሌሊቱን ስንት ጊዜ ነቁ? በየትኛው ጎን ነው የሚተኙት? ለጸሎት መቆም ይችላሉን? እህል ይጥምዎታልን?»

ሐኪሞች የሕመሙን ብርታት በቍጥር ይጠይቃሉ፤ 0 ማለት ሕመም የለም፥ 10 ማለት ከዚህ የሚከፋ ሊታሰብ አይችልም ማለት ነው። ቍጥሩ የሚያስቸግረው ሰው በእጁ ጣቶች ያሳያል፤ የተጨበጠ እጅ ሕመም የለም፥ አምስቱ ጣቶች የተዘረጉለት ታላቅ ሕመም ነው። መናገር ያቃተውን ደግሞ ፊቱን፥ ግንባሩን፥ ጥርሱን መንከሱንና ሲያገላብጡት መሸሹን አይቶ መረዳት ይገባል።

አስታማሚው ከዚህ ጋር አምስት ነገር በማስታወሻ ደብተር ይጻፍ፤ የት እንደሚያም፥ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፥ ጠባዩ ምን እንደሆነ፥ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው፥ የወሰደውም መድኃኒት ለስንት ሰዓት እንደረዳው። ይህች አንዲት ገጽ ለሐኪሙ ከብዙ ንግግር ትበልጥበታለች።

ሦስተኛ፤ የማስታገሻው ሥርዓት

የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ስለ ነቀርሳ ሕመም አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ማስታገሻዎቹ ሦስት እርከን ባለው መሰላል ተመስለዋል። በመጀመሪያው እርከን፥ ለቀላል ሕመም፥ እንደ ፓራሲታሞልና እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት ይሰጣሉ። በሁለተኛው፥ ለመካከለኛ ሕመም፥ እንደ ኮዴይንና እንደ ትራማዶል ያሉት ይጨመራሉ። በሦስተኛው፥ ለጽኑ ሕመም፥ ሞርፊንና እርሱን የመሰሉት ይሰጣሉ። በየእርከኑም እንደ ሕመሙ ዓይነት ሌላ ረዳት መድኃኒት ይታከላል። ድርጅቱ በ2018 ባወጣው አዲስ መመሪያ መሰላሉ ለማስተማሪያ የሚጠቅም እንጂ እንደ ግዴታ የሚታይ እንዳልሆነ አስታውቋል። ሕመሙ ከመጀመሪያው ጽኑ የሆነበት ሰው ታችኛውን እርከን እየረገጠ እንዲወጣ አይገደድም፤ ሐኪሙ ሞርፊንን በቀጥታ ሊያስጀምረው ይችላል።

ከመሰላሉ ይልቅ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ሦስት ቃላት አሉ፤ በአፍ፥ በሰዓት፥ በሰው ልክ።

በአፍ ማለት፥ ሕመምተኛው መዋጥ እስከቻለ ድረስ መርፌ አያስፈልገውም ማለት ነው። ኪኒኑን ወይም ፈሳሹን በቤቱ፥ ከወገኖቹ መካከል ሆኖ ይወስዳል።

በሰዓት ማለት፥ ሕመምተኛው እስኪጮኽ አይጠበቅም ማለት ነው። የመቅደስ መብራት ዘይቱ ሳያልቅ ይጨመርለታል እንጂ ከጠፋ በኋላ በጨለማ አይፈለግም። ፈጥኖ የሚሠራው የሞርፊን ፈሳሽ ኃይሉ ወደ 4 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ከጧቱ በ12፥ በ4፥ በ8፥ ከምሽቱ በ12፥ በ4፥ ከሌሊቱም በ8 ሰዓት ይሰጣል። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ኪኒን ግን ብዙውን ጊዜ በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ይህ ኪኒን ሊደቀቅ ወይም ሊታኘክ አይገባውም፥ ለብዙ ሰዓት የተመደበው ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ያሰጋልና። እኛ ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ለጸሎት ሰዓት እንደምንጠብቅ፥ አስታማሚም ለመድኃኒቱ ሰዓት ይጠብቅ። እኔ አንድ ሌሊት አባታችን እንቅልፍ ወስዷቸው ባይ አዝኜላቸው የ8 ሰዓቱን አስቀረሁ። ጎሕ ሲቀድ ሕመሙ ተቈጥቶ ተመለሰ፤ እስኪበርድም ድረስ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ነርሷም፥ «ካዘኑላቸው ቀስቅሰው ይስጧቸው፤ ወይም የማታው መጠን እንዲስተካከል ሐኪሙን ይጠይቁ እንጂ በራስዎ አይተዉት» ብላ ገሠጸችኝ።

በሰው ልክ ማለት፥ ለሁሉ የሚሆን አንድ መጠን የለም ማለት ነው። ሐኪሙ በጥቂቱ ይጀምራል፤ እንደ ሕመሙም እያየ ይጨምራል። ከተወሰነው ሰዓት በፊት ሰብሮ ለሚወጣ ሕመም ደግሞ ተጨማሪ መጠን ለብቻው ያዛል፤ ይህ ምን ያህል ጊዜ እንደተፈለገ በደብተር መጻፍ አለበት፤ ሐኪሙ ዋናውን መጠን የሚያስተካክለው ይህን አይቶ ነውና። አስታማሚ መጠኑን በራሱ አሳብ አይጨምርም፥ አይቀንስምም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። «ቀላል ነው» የሚባለው መድኃኒት ሁሉ ያለ ልክ አይወሰድም። ፓራሲታሞል ለጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ካለፈ ጉበትን ይጎዳል፤ ለደካማና ለከሳ ሰው ከዚህም ያነሰ ይታዘዛል። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ጨጓራን ሊያደሙ፥ ኵላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ።

አራተኛ፤ ስለ ሞርፊን የሚነሡ ጥያቄዎች

ሞርፊን ከኦፒየም አበባ የሚገኝ ነው። ፍሪድሪክ ሰርተርነር የተባለ የጀርመን መድኃኒት ቀማሚ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለይቶ አወጣው። ስሙ ብዙ ሰውን ስለሚያስፈራ በጥያቄና በመልስ እናየዋለን።

ጥያቄ፤ ሞርፊን የወሰደ ሰው ሱሰኛ አይሆንምን?

መልስ፤ ሦስት ነገሮች ይለዩ። አንደኛ፥ ሰውነት መድኃኒቱን ሲለምድ መጠኑ ሊጨመር ይችላል፤ ይህ ሱስ አይደለም። ሁለተኛ፥ ለብዙ ቀን የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ያልበዋል፥ ያንቀጠቅጠዋል፥ ሆዱን ያመዋል፤ ይህም ሱስ አይደለም፥ ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቋረጥም። ሦስተኛው፥ ጉዳቱን እያየ ያለ ሕመም የሚመኘው፥ ለእርሱም ሲል የሚዋሽና የሚሰርቅ፥ ሱስ ያለበት እርሱ ነው። ለነቀርሳ ሕመም በሐኪም ክትትል በሚወስዱት ዘንድ ይህ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይቻልም። ቀድሞ የመጠጥ ወይም የዕፅ ልማድ የነበረበት ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይናገር። መድኃኒቱም ተቈልፎ ይቀመጥ፤ እኔ እንዳደረግሁት በመስኮት ላይ አይኑር፤ ሕፃን ቢያገኘው ይሞታልና።

ጥያቄ፤ ሞርፊን ሞትን ያፋጥናል ይባላል፤ እውነት ነውን?

መልስ፤ በተገቢው መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ሲጨመር ሞትን አያፋጥንም። ሰዎች እንዲህ የሚሉት ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ በመጨረሻዎቹ ቀናት ብቻ ስለሚሰጥ፥ ሞቱ ከደዌው ሳለ ከመድኃኒቱ የመጣ ስለሚመስላቸው ነው። ከልክ በላይ ከተሰጠ ግን ትንፋሽን ያዘገያል። ሕመምተኛው ቢጠሩት የማይነቃ፥ ትንፋሹም እየራቀ የሚሄድ፥ የዓይኑም ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ እንደሆነ ይህ አደጋ ነው፤ ፈጥኖ ሐኪም ይጠራ። ናሎክሶን የተባለ ማርከሻ አለው። ኵላሊታቸው የደከመ ሰዎች በተለይ ይጠበቁ። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ከእርሱ ጋር ያለ ሐኪም ፈቃድ አይወሰዱ።

ጥያቄ፤ አሁን ከጀመርነው ኋላ ሕመሙ ሲጸና ኃይል አያጣምን?

መልስ፤ አያጣም። ሞርፊን እንደ ፓራሲታሞል የተወሰነ ጣሪያ የለውም፤ ሕመሙ ሲጨምር በሐኪም ጥንቃቄ መጠኑ ሊጨመር፥ ወይም በሌላ መሰሉ ሊለወጥ ይችላል። ለነገ ተብሎ ዛሬ መሠቃየት ጥቅም የለውም።

ጥያቄ፤ ሌላ ምን ጉዳት አለው?

መልስ፤ የሆድ ድርቀት ብዙዎችን ያገኛል፥ በጊዜም አይለቅም። ስለዚህ የሆድ ማለስለሻ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይታዘዛል። ይህን የረሳ አስታማሚ ሕመምተኛውን ከአንድ ሥቃይ አውጥቶ ወደ ሌላ ያገባዋል። ማቅለሽለሽና ድብታም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያሉ፤ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃሉ።

ጥያቄ፤ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ይተውን?

መልስ፤ አይተው። በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ ተምረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ2007 የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አንድነት ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። በዚህም ነገር ያው ነው። ስለ ጾምና ስለ ቍርባን የሚጨነቅ ሕመምተኛ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ፤ ራሱ ፈርዶ መድኃኒቱን አያስታጕል። የንስሐ አባት የሆነውም መነኩሴ ወይም ቄስ፥ ከመፍረዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጥያቄ፤ ጌታ ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አልጠጣም፤ እኛስ ለምን እንጠጣለን?

መልስ፤ ይህ የአባታችን ጥያቄ ነው፤ መምህራችንም ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው እንዲህ ሲሉ መለሱላቸው። «ጌታ ያን ጽዋ ያልጠጣው ስለ ሁሉ ቤዛ ሊሆን በፈቃዱ የመጣበትን መከራ በሙሉ ሊቀበል ነው። ያን ማንም ሊደግመው አይችልም፥ አንድ ጊዜ ተፈጽሟልና። ነገር ግን ጽዋውን አልጠጣም እንጂ ያቀረቡለትን ገሠጸ የሚል አላገኘንም። እርሱ ራሱ ደግሞ ሕመምተኛ ባየ ጊዜ ‹ታገሥ› ብሎ ያለፈው የት ነው? በምሳሌ ያስተማረን ሳምራዊም በቈሰለው ሰው ቍስል ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ እንጂ ስለ ትዕግሥት አልሰበከለትም።» መምህራችን ሌላም ነገር ጨመሩ። በአይሁድ መምህራን መጽሐፍ፥ በታልሙድ፥ የኢየሩሳሌም ክቡራን ሴቶች ለሞት ለተፈረደበት ሰው ሥቃዩ እንዳይሰማው ዕጣን የተጨመረበት ወይን በፈቃዳቸው ያቀርቡ እንደነበር ተጽፏል። እንግዲህ በዚህች በምንኖርባት ከተማ የሚሠቃየውን ሰው ማስታገስ ከጥንት ጀምሮ የምሕረት ሥራ ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ሕመምተኛው ሁሉን ተረድቶ፥ ነቅቶ ለመጸለይ ሲል «መጠኑ ጥቂት ይሁንልኝ» ቢል ፈቃዱ ይከበርለታል። አስታማሚው ግን በሌላው ሰው ሥጋ ላይ ትዕግሥትን ሊያዝዝ ሥልጣን የለውም። የራስን መከራ መሸከም ገድል ነው፤ ሌላውን ማሸከም ግን ጭካኔ ነው። እኔ ይህን ሳልለይ ነበር «ይበርቱ» ያልኋቸው።

አምስተኛ፤ በኪኒን ስለማይታገሠው ሥቃይ

በእንግሊዝ አገር ሲስሊ ሳንደርስ የተባለች ሴት ነበረች፤ ከ1918 እስከ 2005 ኖራለች። በመጀመሪያ ነርስ፥ ቀጥሎ የሕሙማን ማኅበራዊ ረዳት፥ በመጨረሻም ሐኪም ሆነች። በ1967 በሎንዶን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተባለውን ቤት ከፈተች፤ ሆስፒስ ማለት መዳን የማይችሉ ሕሙማን የሚታገዙበት ማረፊያ ነው። እርስዋ ሞርፊን በሰዓቱ እንዲሰጥ ከማስተማርዋም ሌላ፥ የሰው ሥቃይ በአራት ወገን እንደሆነ አሳየች፤ የሥጋ፥ የአእምሮ፥ የኑሮና የመንፈስ።

የሥጋውን ሐኪሙ ያያል። የአእምሮው ፍርሀትና ኀዘን ነው። የኑሮው «ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል? ዕዳዬን ማን ይከፍለዋል?» የሚለው ነው። የመንፈሱ «እግዚአብሔር ስለ ምን ቀጣኝ?» የሚለው ነው። እነዚህ ሦስቱ ካልተነኩ የሥጋው ሕመም በመድኃኒት ብቻ አይበርድም፤ እንዲሁም የሥጋው ሕመም ካልበረደ ሰው ሦስቱን ሊያስብ አይችልም። ስለዚህ ካህንና ሐኪም አንዱ ያንዱን ሥራ አይቀማም፤ አንዱም ያለ ሌላው ሥራውን አይፈጽምም። ለኑዛዜ የተጠራ ካህን ሕመምተኛው በሥቃይ ሲናወጥ ቢያገኘው፥ አስቀድሞ «መድኃኒቱን ወስዷልን?» ብሎ ይጠይቅ።

ደዌው ከኀጢአቱ የመጣ እንደሆነ ለሕመምተኛ መንገርም ታላቅ በደል ነው። የኢዮብ ወዳጆች የተነቀፉት በዚህ ነው፤ ሰባት ቀን በዝምታ አብረውት ሲቀመጡ ግን መልካም አድርገው ነበር።

ስድስተኛ፤ መድኃኒቱን የሚያገኘው ማን ነው?

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ጉባኤ በ2017 ባወጣው ጥናት፥ በሞርፊን ልክ ተሰልቶ በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ማስታገሻ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። በአንድ ወገን፥ በአሜሪካ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነዚህ መድኃኒቶች ለልዩ ልዩ ሕመም ያለ ልክ ስለታዘዙ ብዙዎች በሱስ ጠፍተዋል። በሌላው ወገን ድሃው ሰው አጥንቱ በነቀርሳ እየተበላ በፓራሲታሞል ያድራል። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ የአንዱ መብዛት ለሌላው ማጣት ምክንያት ሊሆን አይገባውም።

የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ሲዘጋጅ ውድ አይደለም። በዩጋንዳ ሐኪም አን ሜሪማን በ1993 ያቋቋመችው ሆስፒስ ይህን ፈሳሽ ለሕሙማን በቤታቸው ማዳረስ ጀመረ፤ ከ2004 ጀምሮም በዚያ አገር ልዩ ሥልጠና የተቀበሉ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ሕግ ፈቀደ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ወደ ሕሙማን ቤት እየሄደ ያስታምማል። በኢየሩሳሌም በአዲሱ በር ፊት ለፊት ያለው የቅዱስ ሉዊስ የፈረንሳይ ሆስፒታል አይሁዳዊ፥ እስላም፥ ክርስቲያን ሳይል በሕይወታቸው ፍጻሜ ያሉትን ይቀበላል።

ሰባተኛ፤ ለተሳላሚዎች ምክር

ነቀርሳ ይዞት ለመሳለም የሚመጣ ሰው እነዚህን ያስብ። መድኃኒቱን በዋናው ዕቃው እንዳለ፥ የሐኪሙን የታተመ ደብዳቤ ጨምሮ፥ ከእጁ በማይለይ ሻንጣ ይያዝ፤ ለመንገዱ የሚበቃውን ብቻ ይያዝ። ሞርፊን በየአገሩ ሕግ የሚጠበቅ ስለሆነ ከመነሣቱ በፊት የሚሄድበትን አገር ኤምባሲ ይጠይቅ። ለሌላ ተሳላሚ፥ ያው ሕመም ቢኖርበትም እንኳ፥ አያካፍል።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ልብ ይበል። የነቀርሳ ሕመምተኛ አዲስ የጀርባ ሕመም ቢሰማው፥ ከዚያም እግሩ ቢዝል ወይም ቢደነዝዝ፥ ሽንቱንና ሰገራውን መቈጣጠር ቢያቅተው፥ ነቀርሳው ኅብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ይሆናል። ይህ «ነገ እናየዋለን» የሚባል ነገር አይደለም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በቶሎ ከታከመ መራመዱን ሊጠብቅ ይችላል፤ ከዘገየ ግን እግሩ ላይመለስ ይችላል።

ማጠቃለያ

አባታችን የመምህራችንን ቃል ከሰሙ በኋላ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም «እንግዲያስ አምጣው፥ ልጄ» አሉኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አብዝተው ተኙ፤ እኔም ፈራሁ። በአራተኛው ቀን ግን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሕመሙ ፈጽሞ አልጠፋም፤ «ከዐሥሩ ሦስት ነው» አሉኝ፥ ቍጥሩን ለምደውት ነበርና። ዳዊታቸውን ከፍተው ያን ያቋረጡትን መዝሙር ጀመሩ፤ እስከ መጨረሻውም አደረሱት። ከዚያ በኋላ ሰባት ሳምንት ኖሩ። በእነዚያ ሳምንታት ኑዛዜያቸውን ፈጸሙ፥ ከተቀያየሟቸው አንድ ወንድም ጋር ታረቁ፥ ለእኔም ያልገቡኝን የዜማ ምልክቶች አስረዱኝ። ሥቃዩ እንደ ፊተኛው ቢቀጥል ኖሮ ከእነዚህ አንዱም አይሆንም ነበር።

ያን ዐሥራ አንድ ሌሊት ግን ልመልስላቸው አልችልም። ስለዚህ ይህን ጻፍሁ፤ አንብባችሁ በእናንተ እጅ ያለው ሕመምተኛ አንድ ሌሊት እንኳ ቢተርፍለት ድካሜ ከንቱ አይሆንም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሕመምተኛ ሕመሙን እንዲገልጥ እንዴት ትጠይቀዋለህ?
2. መድኃኒት በሰዓቱ የሚሰጠው ስለ ምን ነው? ያንቀላፋውንስ ምን ታደርገዋለህ?
3. መልመድን፥ የሰውነት ጥገኝነትንና ሱስን ለይተህ አስረዳ።
4. ከሞርፊን ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚታዘዘው ሌላ መድኃኒት ምንድን ነው? ስለ ምን?
5. አንድ ሰው ለራሱ በሚመርጠው መከራና ለሌላው በሚያዝዘው መከራ መካከል ያለውን ልዩነት በራስህ ቃል ጻፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።